የክረምት ዕረፍት በላስታ፤ አይቶ፣ ጠይቆና ጽፎ መመለስ

የትምህርት ዘመኑ አብቅቶ፣ የፈተናው ውጤት ታውቆ፣ ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን ክረምቱ ይገባል። ለብዙዎቻችሁ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና እንቅልፍ ነው። ከእናንተ መካከል ግን አክስት ወይም አጎት ጠርቶት፣ አለዚያም ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ወዳላየው አገር የሚሄድ አይጠፋም። ይህ ተማሪ መስከረም ላይ ወደ ክፍሉ ሲመለስ መምህሩ «የክረምት ዕረፍቴን እንዴት አሳለፍሁ?» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፍ ያዘዋል። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው «ብዙ ነገር አየሁ፤ በጣምም ደስ አለኝ» የሚል ነው። ምን አየህ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ያጥረዋል። ዓይኑ አየ እንጂ ልቡ አላየምና።

ጉብኝት እንደ ማንበብ ሁሉ ሊማሩት የሚገባ ሙያ ነው። ይህን ሙያ ለማስረዳት ከዚህ በታች የላሊበላን ከተማና የላስታን ደጋ በምሳሌነት እንወስዳለን። ሦስት ሳምንት የዕረፍት ጊዜ አለን እንበል። ይህን ጊዜ እንዴት ብናውለው ነው ዐውቀን የምንመለሰው?

ሀ. ከጉዞ በፊት

ወደማያውቁት አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት ሊያውቅ ይገባዋል። ላሊበላ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ጥንት ሮሃ ትባል ነበር። የዛሬ ስሟን ያገኘችው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከነገሡት ከዛጔው ንጉሥ ከቅዱስ ላሊበላ ነው። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዚያ ዓመት በመዝገቡ የሠፈሩት የመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች 12 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ሁለቱ፣ ማለትም ላሊበላና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የኢትዮጵያ ነበሩ።

ከአዲስ አበባ በየብስ የሚነሣ መንገደኛ ደሴንና ወልድያን አልፎ፣ የደጋውን ዳገት ወጥቶ ጋሸና ይደርሳል። ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ይጓዛል። ከመነሣቱ በፊት ግን የመንገዱን ሰላምና የዝናቡን ሁኔታ መጠየቅ ይኖርበታል። በ2021 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ እስከ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ የጎብኚ እግር ተቋርጦ፣ በእንግዳ ይተዳደር የነበረው ሕዝብ ብዙ ችግር አይቷል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ የሕዝቡን ችግር የሚያስብ እንግዳ ሆኖ ይሂድ።

ለጉዞው የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ቀለም በዝናብ ስለሚፈስ ከብዕር ይልቅ እርሳስ ይያዝ። አንድ ጠንካራ ደብተር፣ ለጨለማው የዋሻ መተላለፊያ የሚሆን የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ እንዲሁም ቶሎ የሚወልቅና የማያንሸራትት ጫማ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን በገባን ቁጥር ጫማ ማውለቅ ግድ ነውና።

አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት አንድ ቀን ቤተ መዘክር ቢጎበኝ ይጠቀማል። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ (የሉሲ) አጽም የሚታወቅበት ብሔራዊ ሙዚየም አለ። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። በዚህ ሙዚየም ውስጥ ከየአገሩ የተሰበሰቡ መስቀሎችና ሥዕሎች በመስተዋት ሣጥን ሆነው ይታያሉ። አንዱን መስቀል መርጣችሁ ቅርጹን በደብተራችሁ ሳሉት። ላሊበላ ስትደርሱ ተመሳሳዩን በካህኑ እጅ ታዩታላችሁ። በመስተዋት ውስጥ ያለው መስቀል የሚታይ ቅርስ ነው። በካህኑ እጅ ያለው ግን ዛሬም ሕዝብ የሚሳለመው የዕለት መገልገያ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ጎብኚ ላሊበላን እንደ ባዶ ቤተ መዘክር ቆጥሮ ይገባና ያስቀይማል።

ለ. ማየት

በመጀመሪያው ሳምንት አብያተ ክርስቲያናቱን እንይ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሮጥ ሰው አንዱንም አያይም። ዮርዳኖስ የተባለው ወንዝ ቦታውን በሁለት ይከፍለዋል። በአንደኛው ወገን ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ደብረ ሲናና ቤተ ጎልጎታ ይገኛሉ። በሌላው ወገን ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አሉ። ዐሥራ አንደኛው ቤተ ጊዮርጊስ ከሁሉም ተለይቶ ለብቻው ቆሟል።

ጉብኝቱን ከቤተ ጊዮርጊስ መጀመር ጥሩ ነው። ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ስትቀርቡ ከመሬቱ ጋር እኩል የሆነ፣ በመስቀል ቅርጽ የተጠረበ ጣሪያ ከእግራችሁ በታች ታያላችሁ። ሌላ ሕንፃ ሲታነጽ ከመሠረቱ ተጀምሮ በጣሪያው ይፈጸማል። ይህ ግን ከጣሪያው ተጀምሮ በመሠረቱ ተፈጸመ። ጠራቢዎቹ በመጀመሪያ በአለቱ ዙሪያ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው መካከሉን ለይተው ያስቀሩታል። ከዚያ የውጭውን ግድግዳ እየጠረቡ ይወርዳሉ፤ በኋላም በበርና በመስኮት ገብተው ውስጡን ይፈለፍላሉ። ሌላ ግንበኛ የተሳሳተበትን ድንጋይ አንሥቶ በሌላ ይተካል። የላሊበላ ጠራቢ ግን አንድ ዓምድ አለቦታው ቢቆርጥ መልሶ ሊተክለው አይችልም። ስለዚህ ዓምዱም፣ ቅስቱም፣ መስኮቱም ከመዶሻው በፊት በሐሳቡ ተሥሎ ያለቀ መሆን ነበረበት። ይህን ያሰበ ተማሪ ከአፋፉ ላይ ቶሎ አይነሣም።

ቀጥላችሁ ወደ ቤተ መድኃኔዓለም ሂዱ። ይህ ከሁሉም የሚተልቀው ሲሆን ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩን ብቻ ብትጽፉት አንባቢው ምንም አያይም። ነገር ግን ርምጃችሁ 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ጎኑ 47 ርምጃ ትራመዳላችሁ። «ከዳር እስከ ዳር 47 ርምጃ ተራመድሁ፤ በእግሬ ሥር ያለውም፣ ከጎኔ የቆመውም፣ ከራሴ በላይ ያለውም አንድ አለት ነው» ብትሉ አንባቢው አብሯችሁ ይራመዳል።

ማየት ማለት ደግሞ ማነጻጸር ማለት ነው። በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ አንዱ ንብር ወጣ፣ አንዱ ገባ እያለ ከላይ እስከ ታች ሲደራረብ ታያላችሁ። ምክንያቱን ለማወቅ ከከተማው ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን ይምርሐነ ክርስቶስን ማየት ያስፈልጋል። ይህን ያሠሩት ከላሊበላ በፊት የነገሡት ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ናቸው። ግድግዳው በአክሱም ዘመን ሥርዓት የእንጨት ንብርና በነጭ የተለሰነ የድንጋይ ንብር እየተፈራረቁ የተሠራ ነው። የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች የድሮውን የእንጨትና የድንጋይ ግድግዳ መልክ በአንድ አለት ላይ ቀረጹት። ልጅ የአያቱን መልክ ይዞ እንደሚወለድ፣ ሮሃም የአክሱምን መልክ ይዛለች። እንዲህ ያለውን ዝምድና ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ በገዛ ዓይን አግኝቶ መደሰት ግን ሌላ ነው።

ሐ. መጠየቅ

ዓይን ያላየውን ጆሮ ይሰማል። ስለዚህ መጠየቅን መልመድ ይገባል። ነገር ግን ጥያቄ ሥርዓት አለው። ቅዳሴ ወይም ማኅሌት ላይ ያሉትን ካህን ማቋረጥ ነውር ነው። በተለይ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ስለሚጾም አገልግሎቱ ይበዛል። በዚያ ጊዜ የሚሄድ ተማሪ ከቅጥሩ ጥግ ቆሞ መታገሥ አለበት። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች እንዳይገቡ ሥርዓቱ ስለሚከለክል፣ ይህንንም ዐውቆ ማክበር የእንግዳ ወግ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚቻለው ሲፈቀድ ብቻ ነው፤ በተፈቀደም ጊዜ በሥዕል ላይ ብልጭታ ማብራት አይገባም።

ካህኑ አገልግሎታቸውን ፈጽመው ሲቀመጡ ቀርቦ፣ እጅ ነሥቶ፣ መስቀል ተሳልሞ፣ «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ከአዲስ አበባ የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ቢፈቅዱልኝ ስለዚህ መስቀል ጥቂት ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ማለት ይቻላል። እንዲህ የተጠየቁ አባት «ተቀመጥ ልጄ» ይላሉ፤ የማያውቁትንም ወደሚያውቁት መሪጌታ ይመራሉ። «ይህ ስንት ያወጣል?» ብሎ የጀመረ ግን መልስ አያገኝም። እንዲያውም ይጠረጠራል፤ የሚጠረጠርበትን ምክንያት ወደ ኋላ እናየዋለን።

የሰማችሁትን ስትጽፉ የማሰሪያ አንቀጹን ምረጡ። በሰዋስው ትምህርታችን ትንሽ የሚመስለው የግሥ ለውጥ እዚህ ላይ ትልቅ ኃላፊነት ይሸከማል። የሚከተሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንመልከት፤

«ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ የታነጸ ነው።»

«ሰዎች ቀን ከጠረቡት በላይ መላእክት ሌሊት ይጠርቡ ነበር ይባላል።»

«ቤተ መርቆሬዎስ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያንነት የተሠራ አይመስልም።»

የመጀመሪያው ጸሐፊው በዓይኑ ያየው ነው። ሁለተኛው ከአባቶች የወረደ ትውፊት ነው። ሦስተኛው የሕንፃውን አሠራር የመረመሩ ሊቃውንት የደረሱበት አስተያየት ነው። እንደዚሁም ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባሉት የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ሕንፃዎቹ በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ ሳይሆን፣ አንዳንዶቹ ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው መፈልፈል እንደ ጀመሩ ጽፈዋል። ይህ ከትውፊቱ ይለያል። ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? ሁለቱንም በየስፍራቸው ይጻፍ። «ይባላል» የሚለውን ቃል የሚሰርዝ ጸሐፊ እውነትን ይበድላል፤ በትውፊቱ የሚያፌዝ ደግሞ ያስተናገደውን ሕዝብ ይበድላል።

መ. ከተማውና ገጠሩ

በሁለተኛው ሳምንት ከአብያተ ክርስቲያናቱ ውጭ ያለውን ኑሮ እንይ። ቅዳሜ ገበያ ነው። ከየተራራው ገብስና ጤፍ፣ ማርና በግ ይወርዳል። የሚሸጡትን ነገር ስምና የመስፈሪያውን ስም ጻፉ። አንዲት እናት «ይህ የኛ አገር ስም ነው» የሚሉት ቃል በመጽሐፍ ላይ ላይኖር ይችላል። በከተማው ውስጥ ደግሞ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ የሆኑ ባለ ሁለት ደርብ የላስታ ጎጆዎች አሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይቶ የሕዝቡን ጎጆ ያላየ ሰው የአገሩን የድንጋይ ጥበብ በግማሹ ብቻ ነው ያየው።

ዝናቡ ፋታ የሰጠ ቀን ከከተማው በላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም በእግር መውጣት ይቻላል። ከዚያም በላይ ከ4,200 ሜትር የሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ በጉም ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። በሌላ ቀን ደግሞ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ወደ ነአኩቶ ለአብ መሄድ ነው። በዚያ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሥር በተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም እንደ ጠበል ይወስዱታል።

ዕረፍቱ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ከዘለቀ ደግሞ ለገና የመጣ ጎብኚ የማያየውን ታያላችሁ። ከነሐሴ 16 እስከ 21 የላስታ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ረጅም ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። ይህ ጨዋታ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ሶለል ይባላል። ጨዋታው አንድ ሆኖ ስሙ በየአገሩ መለዋወጡ ራሱ ለአንድ ድርሰት የሚበቃ ነገር ነው።

ሠ. ዝናቡና አለቱ

በክረምት የሚሄድ ተማሪ ከሌላው ጎብኚ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። የቅርሱን ጠላት በሥራ ላይ ያየዋል። የላሊበላ አለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ለመጥረብ የሚመችና ውሃ የሚያስርግ ነው። የጠራቢውን ሥራ ያቀለለው ይኸው ጠባዩ ዛሬ ሕንፃውን ያደክመዋል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፤ አለቱ ይርሳል፤ በበጋ ይደርቃል፤ ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ይሰነጠቃል፤ ይላጣል። የጥንት ጠራቢዎች ይህን ስለተረዱ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ አብረው ቆፍረዋል።

በኋላ ዘመን ብዙ ጥገና ተሞክሯል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሪያዎቹ በሬንጅ ተቀብተው ነበር፤ በ1960ዎቹ ሳንድሮ አንጀሊኒ በተባሉ ኢጣሊያዊ የሕንፃ ሊቅ መሪነት ያ እንዲነሣና ሌላ ጥገና እንዲደረግ ሆነ። በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተሠርተው አምስት አብያተ ክርስቲያናትን አለበሱ። መጠለያዎቹ ዝናቡን መክተዋል። ነገር ግን ለጊዜው ታስበው የቆሙ በመሆናቸው፣ ክብደታቸውና ነፋስ ሲመታቸው የሚያሳድሩት ጫና የአካባቢውን ሕዝብ ማስጨነቅ ጀመረ። በ2019 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ላሊበላን ሲጎበኙ አገራቸው በጥበቃው ሥራ እንደምትተባበር ቃል ገቡ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ለማዳን ተብሎ የሚደረገው ሁሉ እንደማያድን ነው። መድኃኒቱ ካልተጠና በሽታ ይሆናል። ስለዚህ በዝናብ ቀን በቅጥሩ ዙሪያ ቆማችሁ ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚተኛ፣ የቱ ግድግዳ እንደረጠበ ተመልክታችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። በየዓመቱ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ እንዲህ ቢጽፍ የማስታወሻው ጥቅም ቀላል አይሆንም።

ረ. ስለ አፍሮ አይገባ

ቀደም ሲል ዋጋ የሚጠይቅ እንግዳ ይጠረጠራል ብለን ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። በቤተ መድኃኔዓለም አፍሮ አይገባ የሚባል ጥንታዊ መስቀል አለ። ስሙ ወደ እርሱ የመጣ ሰው አፍሮ እንደማይመለስ የሚናገር ነው። ይህ መስቀል በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰረቀ። የላሊበላ ሕዝብ እንደ ሰው አለቀሰለት። በኋላም ባሕር ተሻግሮ ቤልጂግ አገር በአንድ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ መግባቱ ታወቀ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ተመለሰ።

ያልተመለሰም ብዙ አለ። በዚያው በወሎ፣ መቅደላ ላይ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር የዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ አንድ የወርቅ ዘውድ ደግሞ በዚያው ከተማ ቪክቶሪያና አልበርት በተባለው ሙዚየም ተቀምጧል። ከእናንተ አንዱ ወደፊት በውጭ አገር ከተማ ሙዚየም ሲጎበኝ የአገሩን ዘውድ በመስተዋት ውስጥ ያገኘው ይሆናል። ያን ጊዜ የሚሰማውን ስሜት የሚረዳው፣ ቅርስ በገዛ ስፍራው፣ በባለቤቱ እጅ ሲኖር ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያየ ሰው ነው።

ከዚህም የምናገኘው የጽሑፍ ትምህርት አለ። «አንድ የሚያምር መስቀል አየሁ» የሚል ማስታወሻ ለማንም አይረዳም፤ የሚያምር መስቀል ብዙ ነውና። ቁመቱን፣ ከምን እንደተሠራ፣ የክንፎቹን ብዛት፣ የተጻፈበትን፣ የተሰበረበትን ቦታ የሚናገር ማስታወሻ ግን ዕቃው ቢጠፋ እንኳ መለያው ይሆናል። ጥሩ ገለጻ የቅርስ ዘብ ነው።

ሰ. መጻፍ

በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ጎብኝቶ ነበር። ያየውን ሲጽፍ አንባቢዎቹ እንዳያምኑት ፈራ፤ በዚህም የተነሣ እውነት መጻፉን በመሐላ እስከ ማረጋገጥ ደረሰ። መጽሐፉ በ1540 እ.ኤ.አ. ታተመ። ነገር ግን አንባቢ ከመሐላው ይልቅ የሚያምነው እያንዳንዱን ቤተ ክርስቲያን በስሙ እየጠራ፣ ዓምዱንና በሩን እየቆጠረ መግለጹን ነው።

እናንተም ወደ ቤታችሁ በተመለሳችሁ ማግስት ደብተራችሁን ክፈቱ። ያያችሁትን ለብቻ፣ የሰማችሁትን ለብቻ፣ ያሰባችሁትን ለብቻ ለዩ። ከሦስቱ ሳምንት ሁሉንም ለመጻፍ አትሞክሩ። አንድ ግድግዳ፣ አንድ የገበያ ጥዋት ወይም አንድ የዝናብ ቀን ምረጡና እርሱን ጨርሱ። «ውብ» እና «ድንቅ» የሚሉትን ቃላት ቆጥባችሁ፣ ውበቱን ያሳያችሁን ነገር ራሱን አስቀምጡ።

በመጨረሻም ድርሰቱን በሁለት ቅጂ ጻፉት። አንዱን ለመምህራችሁ ስጡ። ሁለተኛውን ተቀምጠው ላስረዷችሁ አባት ወይም ላሳደሯችሁ ዘመድ ላኩ። እነርሱ አንብበው «ልጁ በእርግጥ አይቷል» ካሉ፣ የክረምት ዕረፍታችሁ በከንቱ አላለፈም።